የጉድጓዱ ተወላጆች

ጠዋት ጠዋት ከእኛ በፊት የሚናገረው ገበታችን ነው። ባለቤቴ እታፈራሁ ድስቱን ስታሳርፍበት፣ ጉሮሮውን እንደሚያጠራ ሽማግሌ እህ ይልና፣ «ሙቅ፣ ዝልግልግ፣ ከጥራጥሬ የተገኘ ቁስ። የቅርብ ዘመድ፦ ፍል ጭቃ» ይላል። ሽሮ ማለቱ ነው። እታፈራሁ መጀመሪያ ሰሞን ታኮርፍ ነበር፤ የእናቷን ሙያ ከፍል ጭቃ ጋር ማዛመድ ምን የሚሉት ነውር ነው እያለች። አሁን ለምዳዋለች። እንዲያውም አንድ ቀን ሽሮው ቀጥኖባት ገበታው «የቅርብ ዘመድ፦ ድፍርስ ወንዝ» ሲል፣ ወደ እኔ ዞራ «አንተ ደግሞ ዝም በል» ብላ ድስቱን ወደ ምድጃው መለሰችው። እኔ አፌንም አልከፈትኩ።

ገበታችንን እንዲህ የሚያናግረው መዝገበ ከባቢ የሚባል ነገር ነው፤ አየሩም፣ ውኃውም፣ አፈሩም፣ ሰው የሚበላውም አንድ ላይ የሰፈረበት የሳይንስ መዝገብ። በዓለም ላይ ያለ ቁስ ሁሉ እዚያ ውስጥ አንድ ቦታ አለው፤ ሁለት የለውም። ቡታጅራ ከገባ ወዲህ ቦታ ያልተሰጠው ነገር አይሸጥም፣ አይጓጓዝም፣ አይበስልም። ምግብን ከረግረግና ከደለል ጋር ምን አገናኘው ብለን በስብሰባ ላይ ጠይቀን ነበር። ለየቁሱ ቦታውን የምትሰጥ ፌናን የምትባል መዳቢ አለች፤ ወጣት ናት፣ ትዕግሥተኛ ናት። «እናንተ የምትበሉት ለሌላው አገሩ ነው» አለችን። ዳቦ ላይ የወጣ ሻጋታ ዳቦውን እንጀራዬ ብቻ ሳይሆን ቀበሌዬም ይለዋል ማለቷ ነው። አጨበጨብን። እኔ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ የውኃ ፓምፕ እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ አዳራሹ ውስጥ ሳለሁ ገብቶኝ ነበር። ቤት ስደርስ ጠፋብኝ።

የማወራችሁ ግን ስለ ጎረቤቴ ስለ እትዬ ሽታዬ ነው። ባላቸው አቶ ሳህሌ ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። በሰፈራችን የቆጮ ጉድጓድ ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው «ነጭ፣ ቃጫማ፣ የቦካ ቁስ» ተብሎ በላስቲክ የታሸገውን ገዝቶ ይበላል። እሳቸው እንሰቱን ከጓሯቸው ቆርጠው፣ አስፍቀው፣ በኮባ ጠቅልለው ይቀብሩታል፤ ድንጋይ ጭነውበት እዚያው ይቦካል። ታዲያ ተቀብሮ አይረሳም። በየጊዜው ይከፈታል፣ የጠቆረው ቅጠል ይለወጣል፣ ቆጮው ይገላበጣል፣ ተመልሶ ይከደናል። ይህ ካልሆነ ይበላሻል። ሲከፈት ሽታው አጥሬን ዘሎ ይመጣል። እኔም አጥሩን ተደግፌ «እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?» እላለሁ። «አፍንጫህ ነው የሚሞተው!» ይሉኛል። እንዲህ ነው የምንኖረው።

ፌናን ግቢያቸው የመጣችው ሐምሌ ላይ ነው፣ ዝናቡ ጋብ ያለ ቀን። የግቢውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ እየጠየቀች ጓሮ ደረሰች።

«እማማ፣ ይሄስ ምንድነው?»

«የቱ?»

«ይሄ ድንጋይ የተጫነው።»

«እሱማ ጭቃ ነው የኔ ልጅ። ቅጠል ጥለንበት እዚያው ቀረ።»

«የሚበላ ነገር የለውም?»

«ወይ ጉድ! ጉድጓድ ምን የሚበላ ይኖረዋል?»

እኔ አጥሩ ዘንድ ነበርኩ። ሳቄን ዋጥኩ። እኛ ሰፈር ሴት ጓዳዋን ለባዳ አትገልጥም። ጎተራዋ ሞልቶ እንደሆነ «እፍኝ አይሞላም» ትላለች። ላሟ የምትታለብ እንደሆነ «ደርቃለች» ትላለች። የዓይን ነገር ነው፤ ያሞገሱት ይከሳል፣ የቆጠሩት ያልቃል። እኛ ይህን ስለምናውቅ፣ «ላሜ ደርቃለች» ያለች ሴት ቤት ጣሳ ይዘን ነው የምንሄደው። ፌናን ግን የሌላ አገር ልጅ ናት። የተባለችውን ያዘች፣ አንድ ቀጭን ዘንግ በድንጋዮቹ መሀል አስገብታ አወጣች፣ አመስግና ሄደች።

ሳምንት ሳይሞላ ጉድጓዱ አጠገብ አረንጓዴ ምሰሶ ተተከለ። ሰፈሩ «ዘበኛው» ብሎ ሰየመው። እትዬ ሽታዬ ኮባ ታቅፈው ቅጠል ሊለውጡ ሲጠጉ፣ በጣም በጨዋ ድምፅ፣ «ይህ ቅጠላማ፣ አየር አልባ፣ ሕያው ደለል ነው። ጥብቅ ከባቢ ስለሆነ እባክዎ አይቆፍሩ» አላቸው።

«አንተ ደግሞ የማን ነህ?» አሉት።

«ይህ ቅጠላማ፣ አየር አልባ፣ ሕያው ደለል ነው» አለ ዘበኛው።

አንዱን ድንጋይ አነሱ። በዚያችው ቅጽበት ኩሽና ውስጥ የከፈቱት ቧንቧ ቀጥ አለ። ድንጋዩን መለሱ፤ ውኃው ፈሰሰ። እንደገና አነሱ፤ ቆመ። እኔ እንደ ባለሙያ ሄጄ ቧንቧውን አየሁት። ምንም አልሆነም። ከባቢ የነካ ሰው ውኃ እንደማይሰጠው ያን ጊዜ ነው የሰማነው።

ሌላ ዓመት ቢሆን ይህ ነገር በቁጣ ያልፍ ነበር። ዘንድሮ ግን ልጃቸው ደግፌ ለመስቀል እመጣለሁ ብሎ ልኳል። ደግፌ ከአባቱ ጋር ተኳርፎ ድሬዳዋ ከገባ ብዙ ዘመኑ ነው። ለአባቱ ቀብር እንኳ አልደረሰም። በእኛ አገር ደግሞ መስቀል ማለት የወጣ ልጅ የሚገባበት ነው፤ ከርሞ ያልመጣም ያን ቀን ይመጣል፣ ከቤቱ ቆጮ ጋር ክትፎውን ይበላል፣ ልጅነቱ ይታደሳል።

«ከገበያ ገዝተው ያብሉት፤ ምን ያውቃል እሱ፣ የድሬዳዋ ሰው ሆኗል» አልኳቸው።

«አንተ ሞላልኝ፣ ሚስትህ ፍል ጭቃ እያበላችህ ምላስህ ሞቷል» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ከቤቱ ጉድጓድ ያልበላ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ በልቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል። እኔ የምጠብቀው እንግዳ አይደለም።»

ቀልዱ አለቀብኝ። በማግስቱ አብሬያቸው ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ።

ፌናን ተነሥታ ወንበር ሰጠቻቸው። እትዬ ሽታዬ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «የኔ ልጅ፣ ያ ነገር ጭቃ አይደለም። ቆጮ ነው፣ ምግብ ነው» አሉ።

«ምግብ ከሆነ የሚበላው ማነው?»

«እኛ ነና!»

«አሁን እየበላችሁት ነው?»

«አሁንማ ዝግ ነው፤ እየቦካ ነው።»

«አየሽ...» አለችና አረመች፤ «አዩ እማማ፣ አሁን እየበሉት ያሉት ውስጡ ያሉት ፍጥረታት ናቸው። ስለዚህ ምግብነቱ ለእነሱ ነው። ለእርስዎ ከባቢ ነው።»

«ሲወጣ ለእኔ ይሆናላ!»

«ሲወጣ ምግብ ይሆናል፤ ልክ ነዎት። ለማውጣት ግን አስቀድሞ ምግብ መሆን አለበት።»

ይህን የተናገረችው እንደ ክፉ ሰው አልነበረም። ራሷም በተናገረችው ትንሽ የተደናገረች ትመስላለች። እኔም ጣልቃ ገብቼ፣ «ትንሽ ተቆንጥሮ ይቀመስና ይለይ» አልኩ።

«መቆንጠር ጉዳት ማድረስ ነው» አለች። «ደግሞስ እማማ ራሳቸው ጭቃ ነው ብለዋል። የባለ ግቢ ቃል አለ።»

«ያልኩትማ ዓይን እንዳይገባው ብዬ ነው!»

«ዓይን?»

«ዓይን! ሰው አይቶት እንዳይከሳ፣ እንዳይበላሽ ብዬ!»

ፌናን ፊቷ በራ። ጣቷን በጽሕፈት ቤቱ ገበታ ላይ እያንሸራተተች ረጅም ጊዜ ፈለገች። እኛም ተስፋ አደረግን። በመጨረሻ፣ «አገኘሁልዎ። ሲታይ የሚጎዳ ቁስ የሚል ቦታ አለ። ይህን ነው ሊሉኝ የፈለጉት አይደል?» አለች።

እትዬ ሽታዬ አዩኝ። እኔ አየኋቸው። «እሱ ነው መሰለኝ» አልኩ።

በሁለተኛው ቀን መጥተው ጉድጓዱን በጥቁር ዳስ ሸፈኑት። ዘበኛውም ቃሉን አሳመረ፤ «ይህ ቅጠላማ፣ አየር አልባ፣ ለዕይታ ስስ የሆነ ሕያው ደለል ነው። እባክዎ አይቆፍሩ፤ እባክዎ አይመልከቱ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ሽታዬ ጓሯቸው ልብስ ሊያሰጡ ሲወጡ ፊታቸውን ወደ አጥሬ አዙረው ነው። «የፈራሁት ዓይን የእኔው ዓይን ሆኖ አረፈው» አሉኝ አንድ ቀን።

ጳጉሜ ላይ ፌናን ጥሪ ሳይደረግላት ራሷ መጣች። ዘንጓን ይዛ ዳሱ ውስጥ ገብታ ወጣች። ደንግጣለች።

«ከባቢው እየታመመ ነው። በመጀመሪያው ቀን የለካሁት ሕይወት ግማሹ የለም። ምን ተለወጠ?»

«እኔ ነኛ!» አሉ እትዬ ሽታዬ። «እጄን ከለከላችሁት። ካልተገላበጠ ምን ይሆናል? ሕፃን ልጅ አጥባችሁት፣ ጠቅልላችሁት፣ እዚያው ትተዉታላችሁ?»

ፌናን ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች ከማይታይ ሰው ጋር ተነጋገረች። እኔ «እጅ» የሚለውን ቃል ደጋግማ ስትለው ሰማሁ። ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ ላይ ደስታ ነበረ።

«እማማ፣ የጎደለው ቁስ እርስዎ ነዎት። ማለቴ፣ ያለ እርስዎ እጅ ይህ ከባቢ ሙሉ አይደለም። ከፈቀዱልኝ እርስዎን ከነዋሪዎች መዝገብ አውጥቼ ወደዚህኛው ላዛውርዎ።»

«ወደየትኛው?»

«ወደ ከባቢው። የጉድጓዱ ተወላጅ ፍጡር ይባላሉ። ተወላጅ ፍጡር በከባቢው ይኖራል፣ ይሠራበታል፣ ይመገብበታል። ማንም አይከለክለውም።»

«ጉድጓዴን እከፍታለሁ ማለት ነው?»

«ይከፍታሉ።»

«የምጋግረውስ የት ነው? ኩሽናዬ ከጉድጓዱ ውጭ ነው።»

ፌናን ትንሽ አሰበች። «ኩሽናው ይካተታል። ቤቱም። እስከ ውጭው በር ድረስ አድርጌ ልጻፈው።»

«እትዬ፣ ትንሽ ቢያስቡበትስ?» አልኳቸው። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ነገሩ ልክ አልመሰለኝም፤ የቱ ጋ ልክ እንዳልሆነ ግን ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም።

«ምን አስባለሁ፤ ልጄ በመንገድ ላይ ነው። አስገቢኝ የኔ ልጅ፣ አስገቢኝ» አሉ።

ገቡ። ዳሱ ተነቀለ። ዘበኛው ከጓሮ ወጥቶ በውጭው በር ላይ ተተከለ። ከዚያ በኋላ ኑሯቸው ብዙም የተለወጠ አይመስልም ነበር። ገበታቸው ሲቀመጡ «ሞቃት ደም፣ ባለ ሁለት እግር፣ ተወላጅ» ይላቸዋል። ገበያ ሊወጡ ሲሉ ዘበኛው «መልካም ስምሪት» ይላቸዋል፤ ሲመለሱ እስትንፋሳቸውን ተቀብሎ ይከፍታል። በሰፈር ስብሰባ ስማቸው መጠራቱ ቀረ። እድራችንም ፍጡር አባል ሊሆን ይችላል አይችልም ብሎ አንድ ሙሉ እሑድ ተከራከረ። እኔ «ሲሞቱ መቅበር አይቀርልንም፣ እሳቸው ደግሞ የመቀበር ልምድ ካለው ዘር ናቸው» ብዬ አሳቅኋቸውና ነገሩ አደረ። እትዬ ሽታዬ ይህ ሁሉ ግድም አልሰጣቸው። ጉድጓዱን ከፈቱ፣ ቅጠሉን ለወጡ፣ እስከ ክንዳቸው ገብተው አገላበጡ። ሽታው አጥሬን ዘሎ መጣ። እንደዚያን ቀን ጥሩ ሸትቶኝ አያውቅም።

ደግፌ የመጣው በመስቀሉ እርድ ዋዜማ ነው፤ ከሰዓት በኋላ። ጢሙ ሸብቷል። ሻንጣውን አንጠልጥሎ በሩ ላይ ሲደርስ እናትየው ትኩስ ቆጮ በኮባ ላይ ይዘው ከውስጥ ወጡ። መካከላቸው ያለው በሩ ብቻ ነው። እኔና እታፈራሁ አጥራችን ላይ ነን።

«ያልታወቀ ፍጡር። እስትንፋስዎን ይስጡ» አለ ዘበኛው።

ደግፌ ሳቀና ተነፈሰበት።

«የጉድጓዱ ሕይወት በእስትንፋስዎ ውስጥ አልተገኘም። መጤ ነዎት። ጥብቅ ከባቢ ስለሆነ መግባት አይችሉም።»

«ልጇ ነኝ እኮ!»

«መጤ ነዎት» አለ ዘበኛው፣ በዚያው ጨዋ ድምፁ።

«ከቆጮው ቢበላ ይገኝበታል» አልኩ እኔ ከአጥሩ ላይ።

«መጤ ከከባቢው አይመገብም።»

«ካልበላ ተወላጅ አይሆን፣ ተወላጅ ካልሆነ አይበላ...» ብዬ ጀመርኩና ጫፉ ጠፋኝ። ፌናን ትጠራ አልን፤ ለበዓል አገሯ ሄዳለች። ደግፌ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። ፊቱ ላይ ሳቁ አልቋል። ወደ መጣበት መንገድ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ሲያይ፣ እናቱ አዩት።

«አንተ እንጨት!» አሉ እትዬ ሽታዬ። «እኔ ማነኝ?»

«የጉድጓዱ ተወላጅ ፍጡር።»

«የወለደች እንስሳ ልጇን አታበላም? ይኼም ክልክል ነው?»

«ተወላጅ ፍጡር ግልገሉን መመገብ ይችላል። ይህ ግልገል ነው?»

እታፈራሁ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ደግፌ ቁመቱ ከእናቱ በአንድ ራስ ይበልጣል። «እማዬ፣ ተይው፤ ሰው ያያል» አለ ቀስ ብሎ።

«ይይ። ግልገሌ ነው። ጎንበስ በል።»

ጎንበስ አለ። በበሩ ፍርግርግ መሀል እጃቸውን አሾልከው አጎረሱት። ዓይኑን ጨፍኖ ሲያኝክ ጉንጩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከኮምጣጣነቱ ይሁን ከሌላ፣ እኔ ምን አውቃለሁ። ደግመው አጎረሱት። ሦስተኛውን ሲውጥ ዘበኛው «ግልገል፣ ተመዝግቧል» አለና በሩ ተከፈተ።

መስቀሉ እንደ ድሮው ሆነ። በሬ ታረደ፣ ለክትፎው ቅቤ ተነጠረ፣ ለእኛም በአጥሩ ላይ አቀበሉን። ደግፌ የአባቱን መቀመጫ ሲሸሽ ሲሸሽ ቆይቶ በመጨረሻ ተቀመጠበት። እትዬ ሽታዬ እንደዚያ ሲዘፍኑ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማኋቸው ደግፌ ከመሄዱ በፊት ነበር።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ደግፌ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ድሬዳዋ ሥራው ይጠብቀዋል፤ ሚስቱም ሁለት ጊዜ ደውላለች። እኔ መኪና ድረስ ልሸኘው ውጭ ቆሜያለሁ። በሩ ፊት ቆመ። በሩ አልተከፈተም።

«ግልገል ከእናቱ ተለይቶ ከከባቢው አይወጣም» አለ ዘበኛው።

ደግፌ በሳቅ ፈረሰ። «እማዬ ነይ እባክሽ፣ ይኼ ሰውዬ አሁንም ሕፃን ነህ ይለኛል!»

እትዬ ሽታዬ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ከኩሽና ወጡ። ዘበኛው ወደ እሳቸው ድምፁን አለዘበ።

«ግልገሉ ራሱን ችሎ ይመገባል? ከቻለ ይለቀቃል።»

አንድ ቃል ነው የሚፈለገው። ደግፌ ሻንጣውን ከግራ እጁ ወደ ቀኝ አዛወረ። እኔም ሰዓቱ እንዳያልፍበት፣ መኪናው ይሞላል እያልኩ ነው። እትዬ ሽታዬ ልጃቸውን ከጫማው እስከ ሸበተው ጢሙ ቀስ ብለው አዩት።

«ምን ይችላል» አሉ። «ገና ነው።»

«ተመዝግቧል» አለ ዘበኛው።

ደግፌ ሳቀ። እኔም ከውጭ ሆኜ ሳቅሁ፤ ሳቄን ጀምሬው ሳልጨርሰው ቀረሁ። እትዬ ሽታዬ ግን አልሳቁም። ሻንጣውን ከእጁ ተቀበሉትና፣ ከባድ መሆኑን ሳይናገሩ፣ ይዘውት ወደ ቤት ገቡ።